ሰውየው ይፈታል፣ ጀልባው ይቀራል

«ዓሣ አጥማጆች የባሕር ድንበር ጥሰው ተያዙ» የሚል ዜና ደሴ ላይ ሲሰማ አብዛኛው ሰው ጣቢያ ይቀይራል። ባሕር የለንማ! ሐይቅም ሆነ አርዲቦ በሚባሉት የወሎ ሐይቆች ላይ መረብ ለመጣል ፓስፖርት የሚጠይቅ የለም። ነገር ግን ከኮምቦልቻ በባቲ፣ በሚሌ፣ በኤሊዳር፣ በቡሬ አድርጎ አሰብ የሚገባው መንገድ 500 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከ1990 ዓ.ም. ጦርነት ወዲህ ተዘጋ፤ በ2011 መባቻ ቡሬ ላይ ለአጭር ጊዜ ተከፍቶ ተመልሶ ተዘጋ። የዛሬ ልጆች የሚያውቁት በጋላፊ ጅቡቲ፣ ከዚያ ታጁራ፣ ከዚያ ኦቦክ የሚያደርሰውን ነው። ገንዘብ ያለቀበት ልጅ ዳር ላይ ሲቀር ደግሞ የሚያገኘው ሥራ የዳር ሥራ ነው፤ በረዶ መሸከም፣ መረብ መሳብ፣ ዓሣ መዘርገፍ። ጀልባ ላይ ከወጣ ዜናው የኛም ቤት ዜና ሆነ ማለት ነው።

እዚህ የምጽፈው ስለ አያያዙ አሠራር ነው፦ መስመሩ የት ነው፣ እንዴት ይጣሳል፣ ሲያዙ ምን ይደረጋል፣ እዚህ ያለ ቤተሰብስ ምን ማዘጋጀት አለበት።

ሐይቅ ላይ ወሰን በዓይን ይለካል። ከአንዱ ዳር ሆኖ ማዶ ያለው ቤት ቆርቆሮ ሲያብረቀርቅ ይታያል፤ ቆሮሶ የሚያጠምድ ሰው ዛፉን፣ ቋጥኙን፣ የእስጢፋኖስን ገዳም ምልክት አድርጎ ይቀዝፋል። የሰው መረብ ላይ መረብ የጣለ እንደሆነ ሽማግሌ ይቀመጣል፣ ቡና ይፈላል፣ ያልቃል። ቀይ ባሕር ላይ ምልክት የሚሆን ነገር የለም። ያለው ቁጥር ብቻ ነው።

ቁጥሮቹ እነዚህ ናቸው። አንድ የባሕር ማይል 1852 ሜትር ነው። እ.ኤ.አ. በ1982 በተፈረመው የተባበሩት መንግሥታት የባሕር ሕግ ስምምነት መሠረት ከባሕር ጠረፍ እስከ 12 የባሕር ማይል ያለው የአገሩ የግዛት ባሕር ነው። እስከ 24 ድረስ ጉምሩክና ኢሚግሬሽን መቆጣጠር ይችላል። እስከ 200 ድረስ ደግሞ ልዩ የኢኮኖሚ ቀጠና ይባላል፤ መርከብ ማለፍ ይችላል፣ ዓሣው ግን የባለ አገሩ ነው። ቀይ ባሕር በሰፊው ቦታ እንኳ 355 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ማለትም ከ200 የባሕር ማይል በታች ስለሆነ፣ ሁለቱም ዳር 200 ልውሰድ ቢል አይበቃም፤ መሐል ለመሐል መክፈል ግድ ይላል። ባብ ኤል መንደብ ላይ ሲደርስ ወደ 30 ኪሎ ሜትር ይጠብባል። እዚያ ሁሉም ሰው የሁሉም ሰው ደጃፍ ላይ ነው።

ኤርትራና የመን በሐኒሽ ደሴቶች እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 1995 ተታኮሱ፤ ከዚያ ጉዳዩ ወደ ግልግል ዳኞች ሄደ። እ.ኤ.አ. በ1998 የደሴቶቹ ባለቤትነት፣ በ1999 ደግሞ የባሕሩ መስመር ተወሰነ። ዙቀርና ሐኒሽ ለየመን፣ ወደ አሰብ የሚቀርቡት የሞሐባካ ደሴቶችና አጠገባቸው ያሉት ለኤርትራ ሆኑ። ብዙ ሰው ሳያየው የሚያልፈው የፍርዱ ሌላ ክፍል አለ። ዳኞቹ የሁለቱም ዳር አጥማጆች በባሕላዊ መንገድ የማጥመድ መብታቸው መስመሩ ከተሰመረ በኋላም እንዲቀጥል ወሰኑ። ደሴት ላይ ማረፍ፣ ዓሣ ማድረቅ፣ ማዶ ገበያ ወስዶ መሸጥ ሳይቀር። «ባሕላዊ» ሲባል በሸራና በመቅዘፊያ ብቻ ማለት እንዳልሆነም ጽፈዋል፤ ትንሿ ጀልባ ሞተር ብትገጥም፣ አቅጣጫ መጠቆሚያ ብትይዝ መብቷ አይጠፋም፤ የተከለከለው በኢንዱስትሪ ደረጃ የሚጠርግ መርከብ ነው። በዚያ ክርክር አጥማጆቹ ጠባቸውን «ዓቂል» በሚሉት አዋቂ ሰው ይፈቱ እንደነበርም ተነስቷል። ለወሎ አንባቢ ይህ አበጋር ማለት ነው፤ ማስረዳት አያስፈልገውም።

ወረቀቱ ይህን እያለ የየመን አጥማጆች በኤርትራ በኩል በተደጋጋሚ ተይዘዋል፣ ጀልባና ሞተራቸውም ተወስዷል። ፍርዱን የጻፈው ዳኛ ሌሊት ፈጣን ጀልባ ላይ የለም። ያለው ወታደር ነው፤ ወታደሩ ደግሞ የሚያየው መስመርን እንጂ አንቀጽን አይደለም።

አሁን ወደ ስህተቱ። ድንበር የሚጣሰው አውቆ ዓሣ ፍለጋ በመሄድ ብቻ አይደለም። በእጅ የሚያዘው ጂፒኤስ ላይ ቦታ በሦስት ዓይነት ይጻፋል፦ በዲግሪና በደቂቃ፣ በዲግሪ በደቂቃና በሰከንድ፣ ወይም በዲግሪ ከነአሥርዮሹ። አንድ ናኩዳ፣ ማለትም የጀልባው አለቃ፣ ለጓደኛው «ጥሩ ቦታ ነው፣ አርባ ሁለት፣ አርባ አምስት» ብሎ በስልክ ይነግረዋል እንበል። 42 ዲግሪ ከ45 ደቂቃ ምሥራቅ ማለቱ ነው፤ ታላቁ ሐኒሽ ያለበት አካባቢ። የጓደኛው ጂፒኤስ ግን በአሥርዮሽ ተሞልቶ ኖሮ 42.45 ብሎ ያስገባዋል። 42.45 ዲግሪ ማለት 42 ዲግሪ ከ27 ደቂቃ ነው፤ ምክንያቱም አንድ ዲግሪ 60 ደቂቃ እንጂ 100 አይደለም። ልዩነቱ 18 ደቂቃ ነው። በዚያ ኬክሮስ አንድ የኬንትሮስ ደቂቃ 1.8 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚሆን ጀልባው 32 ኪሎ ሜትር ወደ ምዕራብ ይሄዳል። የባብ ኤል መንደብን ስፋት የሚያህል ርቀት፣ በአንዲት ነጥብ! ናኩዳው ደግሞ ማሽኑን እያየ ልክ ነኝ ብሎ ይምላል፤ ማሽኑም ልክ ነው።

መለያው ቀላል ነው። ከነጥቡ በኋላ ያሉት ሁለት ቁጥሮች 60 ወይም ከዚያ በላይ ሆነው ከታዩ ደቂቃ ሊሆኑ አይችሉም፣ አሥርዮሽ ናቸው። ከ60 በታች ከሆኑ ግን ሁለቱንም ሊሆኑ ይችላሉ፤ ጉዱ እዚያ ላይ ነው። ስለዚህ ከመነሳት በፊት የቆሙበትን ወደብ ቁጥር አንብቦ በወረቀት ካለው ጋር ማስተያየት፣ አቀማመጡን ከጓደኞች ጋር አንድ ማድረግ፣ ጂፒኤሱንም ካርታው በተሠራበት ልኬት ማስተካከል። የቆየ የወረቀት ካርታ ከጂፒኤስ ጋር በመቶዎች ሜትር ሊለያይ ይችላል። ማሽኑ ራሱ በደህና ቀን የሚሳሳተው ከ5 እስከ 10 ሜትር ነው። መስመሩን ለመቶ ሜትር ተጠግቼ አጠምዳለሁ የሚል ሰው እንግዲህ ሒሳቡን ይሥራ።

ሁለተኛው እንቅልፍ ነው። የመረብ ጀልባ ማታ መረቡን ጥሎ ከመረቡ ጋር ይንሳፈፋል። ውኃው በሰዓት አንድ የባሕር ማይል ብቻ ቢሄድ ከምሽቱ ሦስት እስከ ንጋቱ አሥራ ሁለት ዘጠኝ ማይል ነው፤ ወደ 17 ኪሎ ሜትር። ማንም ሞተር ሳያስነሳ። የደቡብ ቀይ ባሕር ነፋስ ከጥቅምት እስከ ሚያዝያ ባመዛኙ ከደቡብ ምሥራቅ ወደ ሰሜን ምዕራብ፣ በክረምት ደግሞ በተቃራኒው ይነፍሳል፤ የየመኑ ጀልባ በየትኛው ወቅት ወደ ኤርትራ እንደሚገፋ ካርታ ያየ ሰው ወዲያው ይገባዋል። መረብ ሲጣል ቦታውን መዝግቦ ከአንድ ሰዓት በኋላ እንደገና ማየት በቂ ነው። በአንድ ሰዓት የተሄደው ለሌሊቱ ሰዓት ተባዝቶ መስመሩ ላይ ካደረሰ፣ መረቡ የሚጣለው ያን ያህል ወደ ኋላ ተመልሶ ነው።

ሦስተኛው ሞተር ነው። ብዙው ባለ ሁለት ምት ሞተር ዘይት ከቤንዚን ጋር የሚደባለቅለት ነው፤ የተለመደው ልክ ሃምሳ ለአንድ ነው፣ ለ20 ሊትር ቤንዚን 400 ሚሊ ሊትር ዘይት። ለደህንነቱ ብሎ ዘይት ያበዛ ካንዴላውን ያጠቁረዋል፣ ሞተሩም ባሕር መሐል ይንተፋተፋል። ያሳነሰ ፒስተኑን ያነክሰዋል። ከሁሉም የሚብሰው ቤንዚን ውስጥ የገባ ውኃ ነው፤ ከጀሪካን ወደ ጀሪካን እየተገለባበጠ የመጣ ነዳጅ ከታች ውኃ ይዞ ይቀመጣል፣ ማዕበል ሲነሳ ተደባልቆ ይሳባል። ሁለት መለዋወጫ ካንዴላ፣ ቁልፉ፣ ማጣሪያ፣ ለማዞሪያው ክንፍ መለዋወጫ ፒን፦ ሁሉም በአንድ የወተት ዱቄት ቆርቆሮ ውስጥ ይገባሉ። ሞተር ቢጠፋ ደግሞ ከአፍንጫ በኩል በገመድ የሚጣል ጆንያ ወይም ሸራ ውኃ ይዞ ጀልባዋን ያዘገያታል።

ሞተር ጠፍቶ ወይም ማዕበል ገፍቶ ሰው ግዛት ውስጥ መግባት ወንጀል አይደለም፤ የባሕር ሕግ ስምምነቱ ችግር የደረሰበት መርከብ በሌላ አገር የግዛት ባሕር እንዲቆም ይፈቅዳል። ዓሣ ማጥመድን ግን አይፈቅድም። ስለዚህ የሚያዝ ጀልባ ላይ ፈታሹ መጀመሪያ የሚነካው መረቡን ነው። መረቡ ደርቆ ታጥፎ ከተቀመጠ «ሞተር ጠፍቶብኝ ነው» የሚለው ቃል ይታመናል። መረቡ ውኃ እያንጠባጠበ፣ ዓሣው ገና እየተንፈራገጠ ከሆነ ማንም አይሰማም። ሞተር የጠፋ ለታ መረብ ወደ ውስጥ ተስቦ ይታጠፋል፣ ሬዲዮ ካለ በቻናል 16 ሰዓቱና ቦታው ይነገራል። የነገሩት ነገር በሌላ ሰው መዝገብ ላይ መቅረቱ ነው ቁም ነገሩ። በእጅ የሚያዘው ሬዲዮ ከጀልባ ጀልባ የሚሰማው ጥቂት ማይል ብቻ ስለሆነ አንድ ጊዜ ተናግሮ መተው አይበቃም።

የጦር ጀልባ መብራት ሲያበራ ሞተር ይጠፋል፣ እጅ ይታያል፣ ሁሉም ይቀመጣል። መረብ ቆርጦ መሸሽ ጥይት መጥራት ነው፤ 40 ፈረስ ጉልበት ከጦር ጀልባ አያመልጥም። ጂፒኤስ ባሕር የሚጥሉ አሉ፤ እኔ እንደሚመስለኝ ከስህተቶች ሁሉ የከፋው ይህ ነው። የተሄደበትን መስመር የመዘገበ ማሽን ያስከስሳል ብለው ነው የሚፈሩት፤ መስመሩን ሳያልፉ ከተያዙ ግን ያለው አንድ ምስክር እሱ ነው። ተይዞ መጎተት ሲጀመር ጂፒኤሱ ያሳየው የቦታ ቁጥር፣ የተያዙበት ሰዓት፣ የመርከቡ ጎን ላይ የተጻፈው ቁጥር በቃልም ቢሆን ይያዝ። በክሱ ላይ የሚጻፈው ቦታ አንዳንዴ የተያዙበት ሳይሆን ተጎትተው የደረሱበት ነው።

ወደብ ሲደርሱ ቃል ይወሰዳል፣ በማያነቡት ቋንቋ የተጻፈ ወረቀትም ይቀርባል። አልፈርምም ማለት ካልተቻለ ከፊርማው በላይ በአማርኛ በገዛ እጅ «አልተተረጎመልኝም» ብሎ መጻፍ ይቻላል። ለወታደሩ ምንም አይመስለውም፤ በኋላ ጠበቃ ሲያነበው ግን ትልቅ ነገር ነው። የተያዘው ዓሣ ስለሚበላሽ ቶሎ ይሸጣል፤ ብሩ የት ገባ ተብሎ ሲጠየቅ የሚያነሱት ነገር እንዲኖር ኪሎው ይቆጠር።

የተያዙበት ቦታ ለምን ይህን ያህል እንደሚያጨቃጭቅ እንይ። የባሕር ሕጉ አንቀጽ 73 በልዩ የኢኮኖሚ ቀጠና ውስጥ ያለ ፈቃድ ያጠመደ ሰው በአገሮቹ መካከል ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር በእስራት መቅጣትን ይከለክላል፤ ተመጣጣኝ ዋስትና ሲቀርብ ጀልባውና ሠራተኛው ቶሎ ይለቀቁ፣ የጀልባው ባንዲራ ባለቤት አገርም ወዲያው ይነገረው ይላል። አልለቅም ያለን አገር ሐምቡርግ ወዳለው የባሕር ሕግ ፍርድ ቤት መውሰድም ይቻላል፤ እ.ኤ.አ. በ1997 የመጀመሪያው ጉዳይ የቀረበው በጊኒ ላይ ነበር። ከ12 ማይል ወዲህ ግን ይህ ጥበቃ የለም፤ ያገሩ ሕግ ነው የሚሠራው፣ እስራትም ይኖርበታል። በ13 ማይልና በ11 ማይል መካከል ያለው ልዩነት የገንዘብ ቅጣትና የእስር ቤት ልዩነት ነው። ኤርትራ ደግሞ የዚህ ስምምነት አባል አይደለችም፤ በእሷ በኩል ወደ ሐምቡርግ የሚወስድ በር የለም። የቀረው የሐኒሹ ፍርድና የሁለት አገሮች ንግግር ነው።

ሌላ ቦታ የሚደርሰውን ማየት ይጠቅማል። ሕንድና ፓኪስታን እ.ኤ.አ. በ2008 በገቡት ውል መሠረት በየዓመቱ በጃንዋሪ 1 እና በጁላይ 1 የእስረኞች ዝርዝር ይለዋወጣሉ፤ አጥማጆች ለብቻ ተጽፈው። ከዝርዝሩ ውስጥ ቅጣታቸውን ጨርሰው ገና የተቀመጡ ሰዎች አይጠፉም። ምክንያቱ ዜግነታቸው አልተረጋገጠም የሚል ነው። ሕንድና ስሪላንካ መካከል ባለው ጠባብ ባሕር ደግሞ ሰዎቹ በሳምንታት ወይም በወራት ይለቀቃሉ፣ ጀልባዎቹ ግን ወደብ ላይ ፀሐይና ጨው እየበላቸው ይበሰብሳሉ።

ይህ የዜግነት ነገር ነው የወሎን ቤት የሚነካው። በጀልባው ላይ ያለ የኛ ልጅ የጀልባው ባንዲራ የየመን ወይም የጅቡቲ ቢሆንም ሰውየው ኢትዮጵያዊ ነው፤ የጀልባው አገር ሰዎቿን ስታስፈታ እሱን «የኛ አይደለም» ልትል ትችላለች። ስለዚህ ከመጀመሪያው ቀን ኤምባሲ መጠየቅ አለበት። እ.ኤ.አ. በ1963ቱ የቪየና የቆንስላ ስምምነት አሳሪው አገር ለቆንስላው የሚያሳውቀው እስረኛው ሲጠይቅ ነው፤ ዝም ካለ ዝም ይባላል። «ሲፋራ»፣ ማለትም ኤምባሲ፣ የምትለዋን አንዲት የዐረብኛ ቃል መደጋገም ይበቃል። አገሩን የሚፈራ፣ ጥገኝነት የጠየቀ ሰው ግን አለመጠየቅም መብቱ ነው።

እዚህ ያለው ቤተሰብ አንድ ወረቀት ያዘጋጅ። ስም ከነአያት ከነቅድመ አያት፣ የእናት ስም፣ ቀበሌና ወረዳ፣ የተወለደበት ቀን፣ በመጨረሻ የደወለበት ቀንና ቁጥር፣ የሰውነት ምልክት፣ ፎቶ። በአማርኛ፣ በዐረብኛና በላቲን ፊደል። ሙሐመድ ዓሊ የሚል ስም በእስረኛ ዝርዝር ላይ ስንት ቦታ እንደሚገኝ ለወሎ ሰው አይነገረውም፤ በላቲን ሲጻፍ ደግሞ አንዴ በ«ሞ» አንዴ በ«ሙ» ይጀምራል፣ መሐሉ ላይ አንዴ ይጠብቃል አንዴ ይላላል። የተለያየ አጻጻፉን ሁሉ መደርደር እንጂ አንዱን መርጦ መተው አይበጅም። የአያትና የእናት ስም ነው የሚለየው።

ቀኑ ከስሙ ይብሳል። በ2000 ዓ.ም. የተወለደ ልጅ በፈረንጅ 2007 ወይም 2008 ነው፤ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ ከተወለደ ሰባት፣ ከዚያ በኋላ ከሆነ ስምንት ይደመራል። ልጁ «2000» ሲል ፖሊሱ በራሱ አቆጣጠር 2000 ብሎ ይጽፋል። የ17 ዓመት ልጅ 25 ሆነ፤ ከጎልማሶች ጋር ታሰረ፣ ለአካለ መጠን ላልደረሰ የሚሰጠውን ሁሉ አጣ። ቆንስላው የሚያመጣው የልደት ወረቀት ከመዝገቡ ጋር ስለማይገጥምም «ይህ ሌላ ሰው ነው» ይባላል። ወረቀቱ ላይ ሁለቱንም አቆጣጠር ጎን ለጎን መጻፍ ይህን ሁሉ ያስቀራል።

ወረቀቱ ወደ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴርና አቅራቢያ ወዳለው ኤምባሲ ወይም ቆንስላ ይሄዳል፤ ጅቡቲና ጅዳ ላይ አሉ። ቅጂው ወደ ቀይ መስቀል። የቀይ መስቀል መልእክት ክፍት ደብዳቤ ነው፣ አሳሪው ያነበዋል፤ የቤተሰብ ወሬ ብቻ ይጻፍበታል። «ድንበር አላለፍክም በል» ብሎ የሚጽፍ አባት ልጁን አልጠቀመውም።

ከዚያ ስልክ ይመጣል። «አብሽሩ፣ ልጃችሁ እኔ ጋ ነው፣ መቀጫው ይህን ያህል ነው» የሚል። እውነተኛ ቅጣት የመዝገብ ቁጥር ያለው ውሳኔ አለው፣ ለመንግሥት ገቢ ሆኖ ደረሰኝ ይቆረጥለታል፤ በሐዋላ ለግለሰብ አይላክም። ደዋዩን ልጁ ብቻ የሚያውቀውን ነገር ጠይቁት፦ የላሟን ስም፣ አያቱ የሚጠሩበትን የቁልምጫ ስም። ዘግቶ ነገ መልሶ ከደወለ አንድ ነገር ነው፣ ካልደወለም መልስ ነው።

የጀልባው ጉዳይ ከሰውየው ጉዳይ ተለይቶ ይያዝ። ሰው የሚፈታው በምሕረት፣ በልውውጥ፣ በሽማግሌም ይሆናል፤ ጀልባ የሚመለሰው በባለቤትነት ማስረጃ ብቻ ነው። «ነጭ ጀልባ፣ ያማሃ ሞተር» ብሎ አቤት ያለ ሰው ወደብ ላይ ካሉት ጀልባዎች ግማሹን ገልጿል። የሞተሩ ሴሪያል ቁጥር ያለው ሞተሩ ጀልባው ላይ በሚታሰርበት ማቀፊያ ጎን በተለጠፈች ትንሽ ሳህን ላይ ነው። ጨው ቶሎ ያጠፋታል። በሞተሩ የመጀመሪያ ሳምንት ጨው በሌለው ውኃ ታጥባ፣ ጠመኔ ተቀብታ ተጠርጋ፣ ቁጥሩ ቦግ ሲል በስልክ ፎቶ ትነሳ፤ ፎቶው ጀልባው ላይ በሌለ ሰው ስልክ ይቀመጥ።